ደጋፊ ያጣው ፎቶ

[ኬትል ክሪክ፣ በግ አርቢዎች የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ። ባቡር መምጣት ከተወ ዘመን ያለፈው ጣቢያ፣ የድሮው ትኬት መሸጫ ክፍል፤ አሁን የታሪክ ማኅበሩ ቢሮ ነው። ሰብሳቢው ዳድሊ ከርዕሰ መምህርነት ጡረታ ከወጣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከእሱ ገና አልወጣም። ሜርቭ ዕድሜውን ሙሉ የበግ ጠጉር በማሽን እየጠቀጠቀ ሲያስር የኖረ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፤ የሚለው ዳድሊ ነው። ረፋድ። ሙቀት። ዝንብ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ አንድ ሳህን ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ።]

ሜርቭ፦ አልደገፍኩም አልኩህ እኮ!

ዳድሊ፦ ደግፈሃል። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። እጅህ ከትከሻህ በላይ ወጥቷል።

ሜርቭ፦ ዝንብ ሳባርር ነዋ!

ዳድሊ፦ በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ፣ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ እያለ ከትከሻ በላይ የወጣ እጅ ድጋፍ ነው። ደንቡ ዝንብን አያነሳም።

ሜርቭ፦ በብርድ ወራት ነዋ የጻፋችሁት! በዚህ ሰሞን እጁን ሳያነሳ የሚውል ሰው በዚህ ከተማ ካለ ሬሳ ነው።

ዳድሊ፦ [እየጻፈ] "ሐሳብ አቅራቢ፣ ዳድሊ። ደጋፊ፣ ሜርቭ።"

ሜርቭ፦ ሰርዘው። አለዚያ ደጋፊ ዝንቡ ነው ብለህ ጻፍ። ነገሩን የጀመረው እሱ ነው።

ዳድሊ፦ ዝንብ አባል አይደለም።

ሜርቭ፦ እንደ ብዙዎቹ አባላት ግን ከስብሰባ አይቀርም።

ዳድሊ፦ [እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እየወረወረ] እሺ፣ ይሰረዝ! ተሰረዘ! ደስ አለህ?

ሜርቭ፦ ደስ አለኝ። ለመሆኑ ምን ነበር የደገፍኩት?

ዳድሊ፦ ፎቶዎቻችን ሁሉ በጄፔግ እንዲቀመጡ ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ ስለ ምን የማወራ መስሎህ ነው?

ሜርቭ፦ ስለ አንቀጽ ዘጠኝ።

ዳድሊ፦ ስማኝ ሜርቭ። ለመጨረሻ ጊዜ። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ የአውራጃው ቤተ መጻሕፍት መኪና ይመጣል። አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ፎቶዎቻችንን በዚህች ዲስክ ይወስድና ለዘለዓለም ያስቀምጥልናል። መኪናው የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። ቅጹ ላይ ደግሞ አንዲት ሳጥን አለች፣ "ፎቶዎቹ የተቀመጡበት ዓይነት" የምትል። እሷን ለመሙላት የጉባኤ ውሳኔ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላ ሰው ይደግፋል። ሌሎቹ አባላት በሙሉ ቦውሊንግ ውድድር ሄደዋል። የቀረነው እኔና አንተ ነን።

ሜርቭ፦ እኔም እሄድ ነበር። ጉልበቴ ነው የከለከለኝ።

ዳድሊ፦ የጉልበትህ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባም። ትደግፋለህ ወይስ አትደግፍም?

ሜርቭ፦ እዚያ ጄፔግ የምትለው ቦታ አይጥ አለ?

ዳድሊ፦ ምን?

ሜርቭ፦ አይጥ። እርጥበትስ? ጠጉር የሚያጠፉት ሁለቱ ናቸው። አይጥና እርጥበት።

ዳድሊ፦ ጄፔግ ቦታ አይደለም! ዓይነት ነው! የማስቀመጫ ዓይነት!

ሜርቭ፦ ጆንያም የማስቀመጫ ዓይነት ነው። አይጥ ግን ይገባበታል።

ዳድሊ፦ [ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ] ሠላሳ ዓመት ሕፃናት አስተማርኩ። ሠላሳ ዓመት! አንድም ልጅ እንዲህ አላደረገኝም።

ሜርቭ፦ ልጆቹ የሚያስቀምጡት ፎቶ አልነበራቸውማ። እኔ ሬይ አለኝ።

ዳድሊ፦ አውቃለሁ፣ ወንድምህ ሬይ...

ሜርቭ፦ አታውቅም። ጎርፍ ሲወስደው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በሕይወቱ የተነሳው አንድ ፎቶ ነው፣ ያ ከበግ ሸላቾቹ ጋር የተነሳው። ከወጥ ቤቴ ግድግዳ አውርጄ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ይግባና ከእሳትም ከምንም ይዳን አልከኝ፣ እሺ አልኩ። ዳድሊ፣ ድምፁን ከረሳሁት ቆየሁ። አሁን ፊቱም እየጠፋብኝ ነው። እና አይጥ ካለ ንገረኝ።

ዳድሊ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] አይጥ የለም።

ሜርቭ፦ እንዲህ ብለህ አትነግረኝም ነበር?

ዳድሊ፦ በል በራስህ ሙያ ላስረዳህ። አንተ ጠጉሩን በማሽን ትጠቀጥቃለህ፣ አይደል?

ሜርቭ፦ እጠቀጥቃለሁ። የሃምሳ በግ ጠጉር አንድ እስር አደርጋለሁ።

ዳድሊ፦ ከዚያስ?

ሜርቭ፦ ከዚያማ በመርከብ ጣሊያን ይሄዳል። ጣሊያኑ ማሰሪያውን በጩቤ ብጥስ ሲያደርገው፣ ቡፍ! ይነሳል። አንዲት ጠጉር አትጎድልም። አንዱ ጣሊያን ፊቱ ላይ ተነስቶበት ወደቀ ብለውናል።

ዳድሊ፦ በጣም ጥሩ! ጄፔግም እንደዚሁ ፎቶውን ይጠቀጥቀዋል። ትንሽ ያደርገዋል። ልዩነቱ አንዲት ነገር ብቻ ናት። ሲጠቀጥቅ፣ ዓይን ልብ የማይለውን ጥቂት ጥቂት እያወጣ ይጥላል።

ሜርቭ፦ ይጥላል?

ዳድሊ፦ የማያስፈልገውን።

ሜርቭ፦ የማያስፈልገውን ማነው የሚያውቀው?

ዳድሊ፦ እሱ ራሱ ያውቃል።

ሜርቭ፦ ሬይን ያውቀው ነበር?

ዳድሊ፦ ማን?

ሜርቭ፦ ጄፔግ። ሬይን ያውቀው ነበር ወይ? ካላወቀው ከሬይ ላይ የቱ እንደማያስፈልግ በምን አወቀ?

ዳድሊ፦ ሒሳብ ነው ሜርቭ! በሒሳብ!

ሜርቭ፦ ገባኝ። ጠረጴዛ ላይ እንደምናደርገው ነው። ጠጉሩን ዘርግተን ዳር ዳሩን፣ የቆሸሸውን፣ እየነጨን እንጥላለን።

ዳድሊ፦ እሰይ! በመጨረሻ ገባህ! ልክ እንደዚያ!

ሜርቭ፦ እንግዲያ አልደግፍም።

ዳድሊ፦ ለምን?!

ሜርቭ፦ ሬይ ዳር ላይ ነው የቆመው።

ዳድሊ፦ ከዳሩ አይደለም የሚነጨው! ከሁሉም ቦታ እኩል ነው!

ሜርቭ፦ ከሁሉም? ከአፍንጫውም?

ዳድሊ፦ ከአፍንጫውም ጥቂት።

ሜርቭ፦ አፍንጫው እኮ ድሮም ጥቂት ነበር!

ዳድሊ፦ አይታወቅም ነው የምልህ! ማንም አያውቅም!

ሜርቭ፦ እናቴ ታውቅ ነበር። ሌላ ዓይነት የለህም?

ዳድሊ፦ [በረዥሙ ተንፍሶ] አለ። ቲፍ የሚባል አለ። እሱ ምንም አይጥልም። እንዳለ ነው የሚያስቀምጠው። ግን ትልቅ ነው።

ሜርቭ፦ ስንት እስር?

ዳድሊ፦ የጄፔጉን ሃያ እጥፍ ይሆናል።

ሜርቭ፦ እና ዲስኳ አትችለውም?

ዳድሊ፦ ትችለዋለች።

ሜርቭ፦ ስንት ፎቶ ትይዛለች?

ዳድሊ፦ በቲፍም ቢሆን ሃያ ሺህ።

ሜርቭ፦ እኛ ያለን አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ዳድሊ፦ አዎ።

ሜርቭ፦ በቀረው ቦታ ምን ልትከትበት ነው? ድንች?

ዳድሊ፦ ነገሩ የመርህ ጉዳይ ነው! ቦታ ስላለ ብቻ ቦታ አይባከንም! እኔ ማኅበሩን በመርህ ነው የምመራው! [መዝገቡን እየሳበ] እሺ፣ አስታራቂ ሐሳብ አቀርባለሁ። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ፎቶዎች በጄፔግ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው በቲፍ።

ሜርቭ፦ የሬይ ቁጥር ስንት ነው?

ዳድሊ፦ ሰባ ሦስት።

ሜርቭ፦ አልደግፍም።

ዳድሊ፦ እንግዲያው ሰዎቹ በቲፍ፣ በጎቹ በጄፔግ!

ሜርቭ፦ አንድ ፎቶ ላይ ናቸው እኮ። ሬይ በጉን አቅፎ ነው የቆመው።

ዳድሊ፦ በጉን አስቀምጠው በለዋ!

ሜርቭ፦ አሁን ልበለው? ከስልሳ አምስት ዓመት በኋላ?

[ዳድሊ ኬክ አንስቶ በንዴት ይጎርሳል። ኮኮናቱ ጢሙ ላይ ይቀራል። ዝንቦቹ ወደ ጢሙ ይዛወራሉ። እጁን ሊያነሳ ይልና አንቀጽ ዘጠኝን አስታውሶ ይተወዋል።]

ዳድሊ፦ ሜርቭ፣ ወንድሜ። ልለምንህ። ጄፔግ የሚጥለው ሲቀመጥ አንዴ ብቻ ነው። አንዴ! ከዚያ ሺህ ጊዜ ከፍተህ ብታየው ቅንጣት አይጎድልበትም። መክፈት አይጎዳውም።

ሜርቭ፦ አንዴ ብቻ?

ዳድሊ፦ አንዴ ብቻ። ነካክተህ፣ ለውጠህ፣ መልሰህ እላዩ ላይ ካላስቀመጥከው በቀር። ያኔ እንደገና ይነጫል።

ሜርቭ፦ አንዴስ ከሆነ... ሬይም ቢሆን በዓመት አንዴ ጠጉሩን ይቆረጥ ነበር። እና ማን ይነካካዋል? ማንም አይነካካውም አይደል?

[ዳድሊ የመዝገቡን ገጾች ማገላበጥ ይጀምራል።]

ሜርቭ፦ ዳድሊ?

ዳድሊ፦ መነካካት አይባልም።

ሜርቭ፦ ምን ይባላል?

ዳድሊ፦ እንክብካቤ። ማክሰኞ ማክሰኞ እንክብካቤ አደርግላቸዋለሁ። እያንዳንዱን እከፍታለሁ፣ ትንሽ ብርሃን እጨምርለታለሁ፣ አቃናዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ፋይል ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይሻግታላ። ዕቃ ሁሉ ይናፈስ የለ?

ሜርቭ፦ አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም?

ዳድሊ፦ ከጠዋት እስከ ማታ። አራት ዓመት ሙሉ። አንድ ማክሰኞ አላስቀረሁም።

ሜርቭ፦ እኛ እኮ ማክሰኞ ስትጠፋ ሴት ይዘሃል ብለን ነበር። ደስ ብሎን ነበር።

ዳድሊ፦ ለማኅበሩ ነው የደከምኩት!

ሜርቭ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ ቶሎ አይገባኝም። በዓመት ሃምሳ ማክሰኞ። በአራት ዓመት ሁለት መቶ። ሬይን ሁለት መቶ ጊዜ ነጭተኸዋል ማለት ነው?

ዳድሊ፦ እንዲህ ስትለው ነገሩ...

ሜርቭ፦ ሁለት መቶ ጊዜ ከተነጨ በግ ምን እንደሚተርፍ ታውቃለህ?

ዳድሊ፦ ምን?

ሜርቭ፦ "ባ" የሚለው ድምፁ ብቻ። ክፈተው። ሰባ ሦስትን ክፈት።

ዳድሊ፦ አሁን ጊዜ የለንም፣ መኪናው...

ሜርቭ፦ ክፈት አልኩህ!

[ዳድሊ ይከፍታል። ሁለቱም ወደ ኮምፒውተሩ ያጎነብሳሉ። ሜርቭ መነጽሩን ያወልቃል፣ በሸሚዙ ይወለውላል፣ መልሶ ያደርጋል። የወለወለው ለከንቱ ነው።]

ሜርቭ፦ ማነው ይሄ?

ዳድሊ፦ ሬይ።

ሜርቭ፦ ጡብ ነው። ሸሚዝ የለበሰ ጡብ ነው።

ዳድሊ፦ ትንሽ አራት ማዕዘን ነገር ሆኗል እንጂ...

ሜርቭ፦ ዓይኑ የታለ?

ዳድሊ፦ ይቺ ጠቆር ያለችው ናት። ወይም ይቺ።

ሜርቭ፦ ያቀፈውስ ምንድነው? በጉ ወዴት ሄደ? ደመና አቅፎ ነው እንዴ የቆመው?

ዳድሊ፦ ቀርበህ ስለምታየው ነው። ራቅ ብለህ እየው።

ሜርቭ፦ [ወደ በሩ ሄዶ] ከዚህ?

ዳድሊ፦ ትንሽ ራቅ በል።

ሜርቭ፦ [ከበሩ ውጭ ወጥቶ] ከዚህስ?

ዳድሊ፦ ትንሽ!

ሜርቭ፦ [ከሐዲዱ ማዶ፣ በሩቁ] አሁን አየሁት!

ዳድሊ፦ ተመስገን! ሬይን ይመስላል?

ሜርቭ፦ አንተን ይመስላል!

[እያነከሰ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል። ዳድሊ የሚጽፈው ነገር ፈልጎ ያጣል።]

ሜርቭ፦ ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። ግድግዳዬ ላይ ብተወው ኖሮ ጢስ ነበር የሚያጠቁረው። ጢስ ይጠረጋል።

ዳድሊ፦ ሜርቭ...

ሜርቭ፦ ሁለት ጊዜ ሞተብኝ ዳድሊ። መጀመሪያ ጎርፍ ወሰደው። አሁን ደግሞ አንተ ወሰድከው፣ በእንክብካቤ።

ዳድሊ፦ [ድምፁ ተለውጦ] ይቅርታ አድርግልኝ። እኔ... እኔ እኮ ከልቤ ነው የደከምኩት። [ድንገት ብድግ ብሎ] ቆይ! ወረቀቱ አለ! ዋናው ፎቶ! እንደገና በስካነር እናነሳዋለን፣ በቲፍ፣ እንደ ልደቱ ቀን...

[ንግግሩን ያቋርጣል። ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ፊቱ እንደ ወረቀት ይነጣል።]

ሜርቭ፦ ምን ሆንክ? ኬኩ ነው?

ዳድሊ፦ ወረቀቶቹ የሉም።

ሜርቭ፦ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይደሉም እንዴ?

ዳድሊ፦ ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም ሜርቭ! ምስሉ ነው የሚገባው! ወረቀቶቹን... ኮምፒውተር ውስጥ ከገቡ ወዲህ ወረቀቱ ትርፍ ነው፣ ቦታ ያጣብባል ብዬ... ስድስት ካርቶን ሞልቼ፣ በፕላስተር አሽጌ፣ ቆሻሻ መጣያ እንዲወሰዱ ተወሰነ። አምና።

ሜርቭ፦ ማነው የወሰነው?

ዳድሊ፦ ጉባኤው።

ሜርቭ፦ አንብብልኝ።

ዳድሊ፦ [መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጠ፣ በተሰበረ ድምፅ] "ስድስት የታሸጉ ካርቶኖች እንዲወገዱ። ሐሳብ አቅራቢ፣ ዳድሊ። ደጋፊ..." [ያቆማል]

ሜርቭ፦ ደጋፊ ማን?

ዳድሊ፦ "ዳድሊ።" ሁላችሁም ሻይ ልትጠጡ ወጥታችሁ ነበራ! እስክትመለሱ ልጠብቅ? "አስወጋጅ፣ ሜርቭ፣ በፒክአፑ።"

ሜርቭ፦ አዎ፣ አስታወስኩ። እነዚያ ከባድ ካርቶኖች። ወገቤን ሳምንት ሙሉ አመመኝ። ፎቶዎቹ ነበሩ እንዴ ውስጣቸው?

ዳድሊ፦ ሁሉም! የከተማው ሰው ሁሉ! ሬይም! [ራሱን በመዝገቡ እየመታ] በገዛ እጅህ አስጣልኩህ! ወንድምህን በገዛ እጅህ!

ሜርቭ፦ አልጣልኳቸውም።

ዳድሊ፦ ምን?

ሜርቭ፦ እንዴት ብዬ እጥላለሁ? ጭኜ ስጨርስ ይህንኑ መዝገብ ገልጬ አየሁት። አንድ ሰው ሐሳብ አቅርቦ ራሱን ሊደግፍ አይችልም። አንቀጽ ዘጠኝ። ያልተደገፈ ውሳኔ ደግሞ ውሳኔ አይደለም። እና በግ መሸለቻ ቤቴ ውስጥ፣ ከፍ አድርጌ፣ ጣውላ ላይ ደረደርኳቸው። ድመቷ እላያቸው ላይ ነው የምታድረው፤ አይጥ አይደርስባቸውም።

ዳድሊ፦ [ቆሞ] አንድ ዓመት ሙሉ? አንድ ዓመት ሙሉ አንተ ዘንድ ናቸው? ታዲያ ለምን አልከፈትካቸውም?

ሜርቭ፦ ይከፈቱ የሚል ውሳኔ የለማ።

ዳድሊ፦ ለምንስ አልነገርከኝም?

ሜርቭ፦ አጀንዳ ላይ አልያዝከውም። [ቀስ ብሎ፣ ነገሩ ገና አሁን እየገባው] ዳድሊ... ሬይ እቤቴ ነው ማለት ነው? አፍንጫው፣ ዓይኑ፣ ሁሉ ነገሩ? በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ ነበር?

ዳድሊ፦ እቤትህ ነው።

[ሜርቭ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ይጠርጋል። በዚህ ጊዜ የዝንብ ሰበብ አያቀርብም። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። አንዴ። ሁለቴ።]

ዳድሊ፦ ባዶውን ይመለስ። ይሂድ! ለከርሞ ይምጣ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም ከወረቀቱ እንደገና እናነሳለን። በቲፍ። አንዴ አስቀምጠን እጃችንን እንሰበስባለን። ማክሰኞ እኔ ወደዚህ ክፍል ብመጣ እግሬን ስበረኝ።

ሜርቭ፦ ለከርሞ ደግሞ ሰማንያ ሦስት ይሆነኛል። ቶሎ እንጀምር።

ዳድሊ፦ [መዝገቡን አቅፎ፣ ለራሱ] አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ማኅበር ውስጥ ጅሉ ሜርቭ ነው ስል ኖርኩ። ለሰውም አወራሁ። ለካስ የኬትል ክሪክ ዋናው ጅል እኔ ነኝ!

ሜርቭ፦ [ከወንበሩ እየተነሳ፣ ባርኔጣውን እየደፋ] ክቡር ሰብሳቢ፣ ይሄ ዝም ብሎ ወሬ ነው ወይስ የውሳኔ ሐሳብ?

ዳድሊ፦ [አስቦ፣ አንገቱን ደፍቶ] የውሳኔ ሐሳብ ነው።

ሜርቭ፦ እደግፋለሁ። ጻፈው፣ በሙሉ ድምፅ።